የሺቭ ዳሲ ክር

ኪሚ ዴቪ አውቶቡስ ስትሳፈር ወንበር አትመርጥም፤ ጀርባ ትመርጣለች። ከቡንታር ከተማ ሽቅብ ወደ ተራራው በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ ገና እግሯን ስታስገባ ከማን ሹራብ ኋላ ብትቀመጥ እንደሚሻላት ትለያለች። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ከአንዲት አስተማሪ ጀርባ ተለጥፋ ቆማ የሄደችበት ጊዜ ብዙ ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ጸሎት የምታደርስ ይመስለዋል። እሷ ግን የሹራቡን ዐይኖች እየቆጠረች ነው፤ ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ እዚህ ጋ ተሻግሮ፣ እዚያ ጋ ተመልሶ። ስትወርድ የሴትየዋን ሹራብ ዲዛይን በጭንቅላቷ ይዛ ትወርዳለች። ቤቷ ደርሳ ማታውኑ መርፌ ላይ ታወጣዋለች፤ አንዲት ዐይን አትስትም። ከብዙ ዓመት በፊት ከፊቷ የተቀመጠችን የፖሊስ ሚስት መልኳን ጠይቋት፣ አታውቀውም። ሹራቧን ጠይቋት፣ እጅጌው የት ጋ እንደጠበበ ሳይቀር ትነግራችኋለች።

ዲዛይኑስ ይሁን፤ ቦታ አይፈጅም። ጉዱ ክሩ ነው። የበግ ጸጉር ገዝታ፣ አጥባ፣ አበጥራ በእንዝርት የምትፈትለው አለ። ከገበያ የምታመጣው ባለቀለም አለ። ከአሮጌ ሹራብ ተርትራ የምታወጣው አለ። ልቃቂቱ ሣጥኑን ሞልቶ ወደ አልጋ ሥር ወረደ፤ ከአልጋ ሥር ወደ ፖም ካርቶን ተሻገረ። አንድ ቀን ባሏ ዶሌ ራም ከሩዝ ዕቃው ውስጥ እጁን ቢሰድ ቀይ ልቃቂት ይዞ ወጣ። አገላብጦ አየውና፣ "የፕሮሚላ እናት፣ ይኼ በባቄላ ነው በምስር የሚበላው?" አላት። እሷ ደግሞ አይጥ እንዳይቆርጠው ብዬ ነው አለች። አዲስ ክር ስትገዛም ወረቀቱን መንገድ ላይ ልጣ ጥላ ነው የምትገባው። "አዲስ ነው?" ሲላት፣ "የት! የድሮ ነው" ትለዋለች። እሱም እንደዋሸች ያውቃል፤ እሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች። ጎረቤታቸው ፉላ፣ ይህን ሁሉ ከአጥር ማዶ የምትከታተለው፣ "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" እያለች ትስቅባታለች።

ኪሚም አብራ ትስቃለች። ስለ ክር ሲቀለድ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ከመጀመሪያው ሣጥን ግርጌ፣ ከሁሉም ክር በታች፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ዳማ ልቃቂት እንዳለ ማንም አያውቅም። ያንን አንድም ቀን ሠርታው አታውቅም።

ኪሚ ወደዚህ ቤት የመጣችው በሰው ቦታ ነው። የዶሌ ራም የመጀመሪያ ሚስት ሺቭ ዳሲ፣ በረዶ መንገዱን በዘጋበት ሰሞን ትኩሳት ይዟት፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጠፍቶ ሞተች። ጡት በቅጡ ያልተወች ሴት ልጅ ጥላ ነበር የሞተችው። ሰውየው ዓመቱን ጠብቆ ኪሚን አገባ፤ ከበሮም ብዙ አልተመታ። ልጅቷ ፕሮሚላ፣ የአባቷን ጀርባ ካልያዘች እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ኪሚን ገና ስታይ ከበሩ ኋላ የተደበቀች ልጅ ነበረች። የእንጀራ እናትና የእንጀራ ልጅ በጋውን ሁሉ ከሩቅ ሲተያዩ ከረሙ። ኪሚ ሳህኗን አስቀምጣላት ዞር ትላለች፤ ልጅቷ ዞር ስትልላት ትበላለች።

የፖም ለቀማ እንዳለቀ በእኛ ሸለቆ ለሴት አንድ ሥራ አለ። ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሐይዋ ገና ኃይል አላት። ሴቱ ሁሉ የአምናውን ሹራብ ታቅፎ ሰገነት ላይ ይወጣል። የጠበበው፣ ክርኑ የተበላው፣ ልጅ ያደገበት ሁሉ ይተረተራል። ክሩ ይታጠባል፣ ድንጋይ ታስሮበት ይሰቀላል፣ እጥፋቱ ሲለቅ ደግሞ በረዶ ሳይወርድ ሌላ ሹራብ ይሆናል። አያት ደረቱ ላይ የለበሰውን የልጅ ልጅ ካልሲ አድርጎ ይረግጠዋል። ክር መጣል በእኛ ዘንድ እህል እንደመርገጥ ነው። እንግዲህ ኪሚ ያን ዓመት ያደረገችው የትኛዋም ሴት የምታደርገውን ነው። ለራሷም ይህንኑ ስትል ነው የኖረችው።

የሚተረተር ፍለጋ ሣጥኑን ስትከፍት አንዲት ትንሽ ሹራብ አገኘች። ለፕሮሚላ ጠባለች። እጅጌዋን በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት ስታደርጋት ልቧ ዘለለ። ኪሚ ከልጅነቷ ጀምራ ፈትላለች፤ እናቷም፣ አክስቶቿም ፈታዮች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ክር ግን አይታ አታውቅም። ቀጭን ነው፤ ከርሯል፤ ከርሮም ይለሰልሳል። ማን ፈተለው ብላ አልጠየቀችም። ማን ሠራውም አላለች። ወደ ፀሐዩ ይዛው ወጥታ አንገቱ ላይ ያለውን ጫፍ ፈታች፣ ሳበችውም።

ክሩ መጣላት። ሹራብ የተረተረ ሰው ያውቀዋል፤ ረድፉ ትርትር እያለ ሲፈታ እጅ ማቆም አይሆንለትም። አንገቱ ሄደ፣ ደረቱ ሄደ፣ ልቃቂቱ መዳፏ ውስጥ እየከበደ መጣ። እያንዳንዱን ክንድ ክር በጣቶቿ መካከል አሳልፋ እያጣጣመች ጠቀለለችው። ደስ ብሏት ነበር። ወደ ሰው ቤት ከመጣች ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ኋላ የሚያንገበግባት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይኼው ደስታዋ ነው። ዶሌ ራም ከአትክልቱ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ፤ አያት፤ ሻይ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ፣ አለች።

በረዶው ከወረደ በኋላ ፉላ እንዝርቷን ይዛ እሳት ልትሞቅ መጣች። ሴቶች ሲፈትሉ ወሬ ይፈታል፤ ስለ ሟቿ ተነሣ። የሺቭ ዳሲን ልብስ እንደ ወጉ ለደሃ ሰጥተናል አለች ፉላ። ፎቶ ቢባል የሠርጓ ዕለት የተነሣችው አንድ አለ፤ እሱም ፊቷ እንደተሸፈነ ነው። "ለዚች ልጅ የቀረላት ያቺ ዳማ ሹራብ ብቻ ናት" አለች። "ፀጉሩን ራሷ አበጥራ፣ ራሷ ፈትላ፣ ራሷ ነው የሠራችላት። አደራሽን፣ አለች አይደል?"

ኪሚ እንዝርቷን ማሽከርከር አላቆመችም። ብታቆም ፉላ ቀና ብላ ታያታለች። "ተቀምጣለች" አለች።

ያን ጊዜ ብትናገረው ምን ነበረበት? አዲስ ሙሽራ ናት፣ የቤቱን ነገር አታውቅም፣ ባለማወቅ ተረተርኩት ብትል ፉላ ራሷ ጭኗን መትታ፣ ትንሽ አልቅሳ፣ እስከ ፀደይ ድረስ መንደሩን አዳርሳው ይረሳ ነበር። ኪሚ ግን ፈራች። የእንጀራ እናት ስም እንደሆነ በሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚጠብቃት፤ ጥፋት እስክታጠፋ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ልቃቂቱን በጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥኑ ግርጌ ከተተችው። በላዩ ሌላ ክር ጨመረችበት፤ በዚያም ላይ ሌላ። ያ ሁሉ የክር ክምችት፣ ባሏን የሚያስቅ፣ መንደሩን የሚያነጋግር፣ ከአንድ ልቃቂት ላይ የተከመረ ነው። መውደዷም እውነት ነው፤ ክር ትወዳለች። ግን ሣጥኑን በከፈተች ቁጥር እጇ ወደ ታች እንዳይሄድ ከላይ ሙሉ እንዲሆን ትፈልግ ነበር።

ልጅቷ መቼ እንደቀረበቻት ኪሚ ራሷ አታውቅም። አንድ ቀን ከበሩ ኋላ ነበረች፤ ሌላ ቀን እንዝርቷ ሲሽከረከር ለመያዝ እጇን የምትሰድ ሆነች። አማ፣ እናቴ፣ ብላ ጠራቻት። ኪሚ ሌላ ልጅ አልወለደችም፤ እጇ ላይ ያለውን ሁሉ ለዚችው ሰጠች። በየዓመቱ በረዶ ሳይወርድ ለፕሮሚላ አዲስ ሹራብ ይደርሳል፤ ከአውቶቡስ ከተሰረቀው ዲዛይን ምርጡ ለእሷ ነው። ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ አቁመው ጀርባዋን ይቆጥሩ ነበር። ሴቶቹ፣ "የወለደችስ ይህን ታደርጋለች?" ይላሉ። ኪሚ ይህን ስትሰማ ወደ መሬት ታያለች፤ ሰው ትሕትና ይለዋል። ዶሌ ራም "የፕሮሚላ እናት" ብሎ ሲጠራት እንኳ፣ መንደሩ ሁሉ ሚስቱን በልጁ ስም እንደሚጠራ እያወቀች፣ አንዳንድ ቀን የሌላ ሰው ስም የተጠራ ይመስላትና ቶሎ አትመልስም ነበር።

ፕሮሚላ አደገች፣ ተማረች፣ ባንጃር ከምትባለው ከተማ የሆነ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጠየቃትና እሺ አለች። ሠርጉ በረዶው ሲቀልጥ ሊሆን ተቆረጠ። የሠርግ ወሬ ያለበት ቤት ፉላ አትጠፋም። አንድ ቀን ባቄላ ስትለቅም ከሙሽራዋ ጋር ተቀምጣ ያን የድሮውን ነገር አነሣች። "የእናትሽን ሹራብ ይዘሽ ሂጂ እንጂ" አለቻት። "ኪሚ እስከ ዛሬ በሣጥን አስቀምጣልሻለች። ለመጀመሪያ ልጅሽ ታለብሺዋለሽ።"

ፕሮሚላ ይህን የሚያህል ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። ሮጣ ነው የመጣችው። ኪሚ ሰገነቱ ላይ ፀጉር ስታበጥር አገኘቻት፤ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። እናቷን ማንሣት በዚህ ቤት የተከለከለ ነገር አልነበረም፤ ግን የምታነሣበት ነገር ኖሯት አያውቅም። ፊቷን እንኳ የማታውቀው እናት ናት። "አማ" አለች፣ "ፉላ አክስቴ የነገረችኝ እውነት ነው? የእናቴ ሹራብ አለች?"

ይኼው እውነቱን የምትናገርበት ሁለተኛው በር ተከፈተ። ኪሚ ዓይኗን ቀና አድርጋ የልጅቷን ፊት አየች፤ እንዲህ ያለ ፊት ላይ የለም የሚለውን ቃል ማስቀመጥ አቃታት።

"አለች" አለች። "ከሠርጉ በፊት አወጣልሻለሁ።"

ፕሮሚላ አቅፋ ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሳስበው እስከ ዛሬ ልውቀሳት ልዘንላት አላውቅም። በማግስቱ ሣር ላወርድ ነው ብላ ከከብቶቹ ቤት በላይ ወዳለው የሣር ማስቀመጫ ወጣች፤ ልቃቂቱን ከነጨርቁ ፓቱ በሚባለው የሱፍ ኩታዋ ሸጉጣ። መርፌዎቿን አወጣች። ሹራቡን መልሳ ልትሠራው ነው። ክሩ ያው ክር ነው፤ ከዚያው በግ፣ ከዚያው እጅ የወጣ። ልኩን በግምት ታውቀዋለች። የቀረው ዲዛይኑ ነው፤ ዲዛይን ደግሞ ለኪሚ ዴቪ ምን ይቸግራታል?

መርፌውን ይዛ ቁጭ አለች። የመጀመሪያውን ረድፍ ከመጀመሯ በፊት ያቺ ሹራብ ምን ትመስል እንደነበር ለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ምንም አልመጣላትም። ደረቷ ላይ ጌጥ ነበረባት? ልሙጥ ነበረች? አንገቷ ክብ ነው ወይስ በቁልፍ የሚዘጋ? የአስተማሪዋ የዓሣ አጥንት የሚመስል ዲዛይን መጣላት፤ የፖሊሱ ሚስት ሹራብ መጣላት፤ አንድ ጊዜ ብቻ በመስኮት ያየችው የአንድ ሾፌር ኮፍያ ሳይቀር መጣ። ያቺ ግን የለችም። ይኼ ነገር ቀስ ብሎ ገባትና መርፌዎቹን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ያን ቀን ሹራቧን አላየቻትም ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ፤ ልቧ ክሩ ላይ ነበር። የማያውቋትን ሴቶች ጀርባ ሁሉ በቃሏ የያዘች ሰው፣ አንዲት እናት ለልጇ የተወችውን አንድ ነገር ገና ሳታየው አፍርሳዋለች።

ቢሆንም ሠራችው። ልሙጥ አድርጋ ጀመረች፤ ከታች ቀለል ያለ ዙሪያ ሰጠችው። እጇን ለመለወጥ ሞከረች፤ ላላ አድርጋ ያዘች፣ ክሩን በሌላ ጣት አሳለፈች። ጥቂት ረድፍ ሄዳ ልብ ስትል እጇ ወደ ራሱ ልማድ ተመልሷል፤ ትፈታለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ከዚህም ሁሉ የባሰው፣ ክሩ በጣቷ ሲያልፍ ያው የድሮው ደስታ መምጣቱ ነው። ምን ዓይነት ሴት ነኝ አለች፤ እያፈርኩ ደስ ይለኛል፣ ደስ እያለኝ አፍራለሁ። ሲያልቅ ደግሞ አዲስነቱን ልታጠፋ ምድጃው አጠገብ ጭስ ላይ አንጠለጠለችው፤ ክርኑን በእጇ አሸችው፤ የሣጥን ሽታ እንዲይዝ ከአሮጌ ጨርቅ ጋር አቆየችው። ስለ ክር ስትዋሽ የኖረች ሴት ውሸቷን አሁን በመርፌ ሠራችው።

የሰጠቻት ጠዋት ነው፤ ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። ፕሮሚላ ሹራቧን በሁለት መዳፏ ተቀበለች፤ ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ኪሚ ራሷ ያስተማረቻትን ነገር አደረገች፤ ገልብጣ ውስጡን አየች። እጅ የሚታወቀው በውስጥ ነው። ጣቷን በጎኑ ስፌት ላይ አስኬደች፤ ከዚያ በታችኛው ዙሪያ ላይ፤ ከዚያ ቆመች። ዳግመኛ ከላይ ጀመረች። እንባዋ ሳይወርድ ደረቀ።

"አማ፣ ይኼ ያንቺ እጅ ነው።"

ኪሚ የሆነ ነገር ለማለት አፏን ከፈተች። ልጅቷ አላስጀመረቻትም።

"የእናቴን እጅ አላውቀውም" አለች። "ያንቺን ግን አውቀዋለሁ። ስለብሰው ነው የኖርኩት። እዚህ ስፌቱ ጫፍ ላይ አንድ ዐይን ትዘያለሽ፤ ሁሌ እዚህ ጋ ነው የሚቆረቁረኝ። የሷ የት አለች?"

"ተረተርኳት።"

"መቼ?"

"የመጣሁ ዓመት። የማን እጅ ሥራ እንደሆነች አላወቅሁም። ኋላ ሳውቅ ደግሞ ፈራሁ። ክሩ ያው ነው፣ ልጄ፤ ክሩ እሷ የፈተለችው ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም።"

ፕሮሚላ ክሩን አልጠየቀችም። ሹራቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ "ምን ትመስል ነበር?" አለች።

"አላየኋትም።"

"እንዴት አላየሁም ትያለሽ? አንቺ?"

"ክሩን ነው ያየሁት" አለች ኪሚ። "ክሩን ብቻ ነው ያየሁት።"

ልጅቷ ተነሣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለኪሚ በተሻላት ነበር። ሹራቧን ይዛ ገባችና በሩን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ አልተናገረቻትም። ለሠርጉ እንግዶች የሚሆነውን ዋልነት ብቻዋን ሰበረች፤ ኪሚ ልትረዳት ስትቀመጥ ተነሥታ ሌላ ጥግ ሄደች። ሠርጉ ቀርቧል። ባንጃር ሩቅ አይደለም፤ ግን አኩርፎ ለሄደ ሰው የትም ሩቅ ነው። ኪሚ ይህን አሰበች። ልጅቷ እንዲህ እንደሆነች ከሄደች የምትመጣው ለአባቷ ነው፤ ለእሷ ሰላምታ ሰጥታ የምታልፍ እንግዳ ትሆናለች።

ዶሌ ራም ከቤቱ በታች የፖም ግንዶቹን ኖራ ይቀባ ነበር። ኪሚ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። የሺቭ ዳሲ ሹራብ ምን ትመስል ነበር ብላ ጠየቀችው። ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረ። ትንሽ ነበረች አለ። ዳማ ነበረች። ዲዛይኗን እኔ ምን አውቄ አለ።

"እኔ እንደተረተርኳት ታውቅ ነበር?"

"በር ላይ ቆሜ አየሁሽ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ልጅቷ እግርሽ ላይ ተኝታ ነበር" አለ ዶሌ ራም። "እናቷ ከሞተች ወዲያ ከእኔ በቀር ማንም ጋ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም። ክሩ ሲተረተር እያየች መጥታ ነው መሰለኝ፤ እግርሽ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታለች። ብናገር ትነቃለች አልኩ።" ትንሽ ቀባ። "ደግሞ የማን እጅ ሥራ እንደሆነች አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነበር። የቀደመችውን ሴት ዕቃ ማየት አትፈልግም፣ ይሁን ብዬ ተውኩት።"

ኪሚ የፖሙን ግንድ ይዛ ቆመች፤ ኖራው መዳፏን አነጣው። ያን ሁሉ ዘመን ይህ ሰው ያበሰለችውን ሲበላ፣ በክሯ ሲቀልድባት፣ በሟች የምትቀና ሴት ናት ብሎ እያመነ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሣባትም። እሷም ሳላውቅ ነው ብትለው የሚያበቃውን ነገር ዝም ብላ ኖራለች። ልጅቷ እግሯ ላይ መተኛቷን ደግሞ ጭራሽ አታስታውሰውም። ያቺ ከበር ኋላ የምትደበቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበቻት ያን ቀን ኖሯል፤ እሷ ያንንም አላየችም።

"ሳላውቅ ነው" አለችው።

"አሁን ነገርሽኝ" አለ። "ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። እሷ ጋ ሂጂ።"

አልሄደችም፤ ድፍረቱ ከየት ይምጣ። የመጣችው ፕሮሚላ ናት፤ በማግስቱ፣ ኪሚ ሰገነቱ ላይ ባዶ እጇን ተቀምጣ ሳለ። ባዶ እጇን ስትቀመጥ ያያት ሰው ስለሌለ ፉላ ከአጥሯ ማዶ አሟት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። ፕሮሚላ ዓይኗ አብጧል። ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ሹራቧን ኪሚ ጭን ላይ ጣለችው።

"ሹራቧን አላየኋትም አልሽ" አለች። "ክሩን አይቻለሁ አልሽ። እሺ፣ ክሩን ንገሪኝ።"

ኪሚ ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባት። አንገቱ ላይ ያለውን ጫፍ ፈታች። ክሩን በሁለት ጣቷ መካከል ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ እንደ ዓይነ ስውር እየዳበሰች ተናገረች።

"እዚህ ጋ በፀሐይ ተቀምጣ ነው የፈተለችው። ጣቷን አልበረዳትም፤ ወጥ ነው።" ሌላ ረድፍ ሳበች። "እዚህ እየሄደች ነው። ወደ ሣር ስትወጣ ይሆናል፤ ስትራመድ ይላላል፣ ስትቆም ይከራል። ያዢው፣ ይታወቅሻል።" ፕሮሚላ ያዘችው። "ይኼ ደግሞ መቀጠያዋ ነው። ቋጠሮ የለውም። ሁለቱን ጫፍ በምራቋ አርጥባ በመዳፏ እያሸች ታዋህደዋለች። እኔ እንዲህ ማድረግ አልችልም፤ ሞክሬ አልሆነልኝም። ትዕግሥተኛ ነበረች።"

"ችኩል አልነበረችም?"

"አልነበረችም። የቸኮለችበት አንድ ክንድ አላገኘሁም።"

ፕሮሚላ የተፈታውን ክር በእጇ ላይ እየሰበሰበች ሰማች። ረድፉ ደረቱ አጠገብ ሲደርስ ራሷ አስቆመቻት። ክሩን መልሳ መላልሳ ዳበሰችው። እዚህ ምን ሆናለች ብላ ጠየቀች።

ኪሚ ታውቀው ነበር። መጀመሪያ የተረተረችው ቀንም ጣቷ እዚህ ጋ ደንቀፍ ብሎ ነበር፤ ያኔ ብልሽት ነው ብላ አልፋዋለች።

"አንድ ነገር ክንዷን ይጎትታታል" አለች። "ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ እንደገና ይወፍራል።"

"ምን?"

"አንቺ ነሽ።"

"በምን አወቅሽ?"

"አንቺ ትንሽ እያለሽ እኔ የፈተልኩት ክር ሁሉ እንዲሁ ነው።"

ፕሮሚላ ያን ቁራጭ ክር በመዳፏ ጨብጣ አቀረቀረች። ትከሻዋ ሲናወጥ ኪሚ እጇን ልትዘረጋ ፈልጋ ተወችው፤ እንድትነካት እንደተፈቀደላት አታውቅም ነበር። በመጨረሻ ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ገና አልበረደልኝም፣ አማ። እወቂው።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ቀጥዪ" አለች ፕሮሚላ፤ ኪሚም የሚቀጥለውን ረድፍ ሳበች።